ከመስመር ያልወጣችው አህያ፤ ለማርልዉድ ምክር ቤት መሪ የቀረበ የታሪክ እርማት

ለክቡር አቶ ኸርበርት አልድሪጅ
የማርልዉድ ወረዳ ምክር ቤት መሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። የጉልበትዎ ሕመም ተሽሎዎት እንደሆነ፣ ኮረብታው ላይ ያሉት ጽጌረዳዎችዎም ከዘንድሮው ውርጭ ተርፈው እንደሆነ ከልብ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ ሂልዳ ብራክስተን እባላለሁ፤ በባቡር ሐዲዱ ጥግ የታችኛው ወፍጮ ቀበሌ ነዋሪ ስሆን፣ ከወገቤ ቁርጥማትና ከምክር ቤትዎ በቀር ይህ ነው የሚባል ሕመም የለብኝም።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት በየበራችን የፖስታ ቀዳዳ የገባው የሚያምር መጽሔት ነው። «የማርልዉድ ምክር ቤት የምርጫ ታሪክ፦ ግማሽ ምዕት ዓመት የሕዝብ ድምፅ» ይላል ርዕሱ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል፤ የእርስዎ ፎቶግራፍም እንደልብ ይገኝበታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ «አንባብያን ስሕተት ካገኙ እንዲጠቁሙን በትሕትና እንጠይቃለን» የሚል ተጽፏል። ሰው በትሕትና ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝምና፣ ያገኘኋቸውን ስሕተቶች እነሆ አቅርቤያለሁ። በጋዜጣ ያደረግሁትም ከዚህ በፊት ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እዚያው አርፈው ስለቀሩ፣ ይኼኛው ደግሞ ከእረፍታቸው እንዳይቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

አንደኛ፦ መጽሔቱ የታችኛው ወፍጮ ሕዝብ በተከታታይ ምርጫዎች «በሙሉ ድምፅ» እንደመረጠዎ ይተርካል። አባባሉ ያምራል፤ ችግሩ በነዚያ ምርጫዎች ድምፅ የሰጠ ሰው አለመኖሩ ነው። ፓርቲዎ በላይኛው ቀበሌ በተቃዋሚው ላይ ሰው አያቆምበትም፣ ተቃዋሚውም ለውለታው እኛ ዘንድ ማንንም አያቆምብዎትም፤ ሁለታችሁም እንደ ጨዋ ጎረቤት አንዳችሁ ባንዳችሁ አጥር ሳትዘሉ ኖራችኋል። እኛ ግን ልማድ ሆኖብን በምርጫው ቀን ኮታችንን ደርበን፣ ውሻችንን በማሰሪያው ይዘን ወደ ምርጫ ጣቢያችን ወደ ስካውቶች አዳራሽ ስንወርድ፣ ተወዳዳሪው አንድ ብቻ ስለሆነ መምረጥ እንደማያስፈልግ የሚገልጽ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀን ነበር። ውሾቹን አንሸራሽረን እንመለሳለን። የፊት ለፊት ጎረቤቴ ልጅ በዚህ ሁኔታ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ለምክር ቤቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትመርጥ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል ከዚህ አንጻር ቢታይልኝ።

ሁለተኛው እርማት ረዘም ስለሚል ሻይዎን አጠገብዎ አድርገው ቢያነቡት ይሻላል። መጽሔቱ ያለፈውን ምርጫ «ጠባብ ግን ግልጽ ድል» ይለዋል።

በሐዲዱ ላይ የሚያሻግረው የእግረኛ ድልድይ ደረጃው በሰበሰ ተብሎ በሰንሰለት የተዘጋው ያን ጊዜ ነበር። ድልድዩ ለእርስዎ ከመኪናዎ መስኮት የሚታይ ብረት ነው። ለጎረቤቴ ለክሊፎርድ ታፕስኮት ግን ወደ ሚስቱ መሄጃው ነበር። ሚስቱ ሙርየል አእምሮዋ እየከዳት ከመጣ ወዲህ ከሐዲዱ ማዶ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ትኖራለች፤ ክሊፎርድ ከመኝታ ቤቱ ሆኖ የክፍሏን መስኮት ያየዋል። ድልድዩ ክፍት ሳለ ቁርሱን በልቶ፣ ከዘራውን ይዞ ቀስ እያለ ይሻገርና ጧት ጧት አብሯት ይቀመጥ ነበር። ሙርየል ሰው የምትለየው ጧት ብቻ ነውና። አሁን አውቶቡስ ቀያይሮ ከተማውን ዞሮ ሲደርስ እሷ ምሳዋን በልታ ተኝታለች፤ ስትነቃም «እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?» ትለዋለች። በትዳር አብራው ያረጀች ሴት አንቱ ስትለው ምን እንደሚሰማው እንዲያስቡልኝ እለምንዎታለሁ።

በዚሁ ምክንያት ከባቡር ጣቢያው አጠገብ መድኃኒት ቤት ያላት ሱኒታ ባትራ ድልድዩን አስከፍታለሁ ብላ ተወዳደረችብዎ። ከስንት ዘመን በኋላ መረጥን። ቆጠራው በማግስቱ ረፋድ ላይ በመዋኛ ገንዳው አዳራሽ ሲካሄድ እኔም የሱኒታ ታዛቢ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ሁሉም ተቆጥሮ ሲያበቃ ሱኒታ በአንድ ድምፅ ብልጫ መራች፤ የቀረችው በአጠራጣሪነት ተለይታ የተቀመጠች አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች። በዚያች ወረቀት ላይ፣ በእርስዎ ስም ትይዩ ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በምልክት ፈንታ የአህያ ፊት ተስሎበታል። ጥሩ አህያ ነበረች፤ ጆሮዎቿ የቆሙ፣ ጥርሶቿ የገጠጡ፣ ዓይኖቿ እንቅልፍ እንቅልፍ ያላቸው።

እኔ ይህ ስድብ ነው አልኩ። ሱኒታም ስድብ ነው አለች። እርስዎ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብድግ ብለው «ይህ ያለ ጥርጥር እኔን ነው የሚመለከተው፤ መራጩ እኔን ማለቱ ነው» ሲሉ ተከራከሩ። አህያዋ እኔ ነኝ ብሎ እንዲህ በቅንነት የሚሟገት ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የምርጫው ሹም መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው፣ መመሪያቸውን አገላብጠው፣ ሥዕሉ ከአንዱ ሳጥን መስመር እስካልወጣ ድረስ ለዚያ ሰው እንደተሰጠ ድምፅ ይቆጠራል ብለው ፈረዱ። በአህያዋ ምክንያት እኩል ሆናችሁ።

እኩል ሲኮን ደግሞ በአገራችን ሕግ ዕጣ ነው። ሹሙ ዕጣ መጣያ ባርኔጣ ስላጡ የሠራተኞቹን የብስኩት ቆርቆሮ አራግፈው የሁለታችሁን ስም አጣጥፈው ከተቱበት፤ ፊታቸውን ወደ ገንዳው አዙረውም እጃቸውን ሰደዱ። ይዘውት የወጡት ወረቀት የቅቤ ብስኩት ፍርፋሪ ተጣብቆበት ነበር፤ ስሙ የእርስዎ ነበር። ሱኒታ እጅዎን በጨዋነት ጨብጣ፣ ወደ ሹሙ ዞር ብላ «ብስኩቱስ የት ደረሰ?» ስትል ጠየቀቻቸው። በመጽሔቱ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የዚያን ሰዓት የተነሣ ሲሆን፣ ቆርቆሮው ተቆርጦ ስለወጣ የሹሙ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። በሚቀጥለው እትም ቆርቆሮው ወደ ቦታው ቢመለስ ለታሪክም ለሹሙም ይበጃል።

ሦስተኛ፦ «የድልድዩ ጉዳይ በበሰለ ውይይት እልባት አገኘ» ተብሏል። ውይይቱን ከሕዝቡ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ይጠገን አይጠገን ተብሎ እጅ ሲወጣ አይጠገን የሚለው በአንድ እጅ በለጠ፤ ያ እጅ የእርስዎ ነበር። «ተጠቃሚው ጥቂት ነው» ብለውም አስረዱን። ልክ ነዎት፣ ጥቂት ነው፤ ጥቂቶቹም ስም አላቸው።

በዚያው ሳምንት ክሊፎርድ በቤታችን መካከል ያለውን አጥር ሲከረክም ቆይቶ መቀሱን አስቀመጠና ጠራኝ።

«ሂልዳ፣ ያቺ አህያ የኔ ነች» አለኝ።

«የምን አህያ?»

«የምርጫዋ። እኔ ነኝ የሳልኳት። ሰውየውን ልክ ልኩን የነገርኩት መስሎኝ ነበር።»

«ለሱኒታስ ምልክት ምነው አላደረግክላት?»

«አህያዋ ስታምርብኝ ጊዜ ደስ አለኝና ረሳኋት።»

«አንተ ሰውዬ! ምናለ እንግዲያው አንዱን ጆሮዋን እንኳ ከመስመር ብታወጣው?»

«እኔ?» አለ፣ ከምሩ ተቀይሞ። «የባቡር መሥሪያ ቤት ንድፍ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ከመስመር ወጥቼ አላውቅም።»

ከዚያ ወደ ማዶ እያየ «በገዛ እጄ መንገዴን ዘጋሁት» አለኝና መቀሱን አንሥቶ ወደ ቤቱ ገባ። አጥሩ እስከ ዛሬ በግማሹ እንደተከረከመ አለ። እኔ ያን ቀን ለክሊፎርድ አለቀስኩለት፤ በእርስዎ ላይ ደግሞ ተናደድኩ፣ ንዴቴም አልበረደም። አንድ ሰው አህያ ብሎ የሰደበዎትን ድምፅ ወስደው በዚያው ድምፅ የሰውየውን መንገድ መዝጋት ችሎታ ይጠይቃል፤ ስለ ችሎታዎ መጽሔቱ አንድ ቃል አለማንሣቱ ቅር አሰኝቶኛል።

አራተኛ፦ የምርጫ ጣቢያችን ከስካውቶች አዳራሽ ወደ ኮረብታው ጎልፍ ክበብ ሊዛወር ታስቧል የሚለው ወሬ እውነት ከሆነ፣ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። ዳገቱ ለወገቤ ጥሩ ነው ተብያለሁ። እንወጣዋለን።

አምስተኛው እርማት ሳይሆን ምስጋና ነው። ባለፈው ሰሞን ክሊፎርድ ታፕስኮት በመጪው ምርጫ ሊወዳደርዎት እንደተመዘገበ ሲሰሙ፣ ሥራ በዝቶብኛል ሳይሉ እስከ በሩ ድረስ መጥተው ጎብኝተውታል። ለዘመናት ያላየንዎት ስለሆነ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በደስታ ተመለከትኩ፤ መስኮቴም ክፍት ነበር።

«አቶ ታፕስኮት፣ በዚህ ዕድሜዎ ለምን ይደክማሉ?» አሉት። «ተወዳዳሪ ከሌለ እኮ ጣቢያ መክፈትም አያስፈልግም። ለሁላችንም እረፍት ነው።»

«ድልድዩን ይክፈቱት፣ እኔም ነገ ስሜን አስወጣለሁ» አለዎት።

«ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።»

«እንግዲያው እኔም ቀላል አልሆንም» አለና ሻይ ሳይጋብዝዎ በሩን ዘጋ። ክሊፎርድ የቴሌቪዥን ፈቃድ ከፍሏል ወይ ብሎ ሊቆጣጠር ለመጣ ሰው እንኳ ሻይ የሚያፈላ ሰው ስለሆነ፣ ነገሩን ቀለል አድርገው እንዳያዩት አሳስባለሁ።

እንዲያውቁት ያህል፣ ስሙ አይወጣም። ሱኒታ በቆርቆሮ ዕድሌን ዳግመኛ አልሞክርም ብላ፣ መድኃኒት ቤቷን ስትዘጋ ለክሊፎርድ በየቤቱ ወረቀት ታድላለች። እኔም ወገቤን ይዤ በር አንኳኳለሁ። ያቺ ሳትመርጥ የሄደችው የፊት ለፊት ጎረቤቴ ልጅ እንኳ እዚህ መምረጥ ባትችልም በእረፍቷ ቀን መጥታ ልታግዘን ቃል ገብታለች። ልንሸነፍ እንችላለን፤ ከተሸነፍን በቀጣዩም እንመጣለን፣ ከዚያ በቀጣዩም። ከእንግዲህ በታችኛው ወፍጮ ያለ ተወዳዳሪ የሚያልፍ ምርጫ የለም። ክሊፎርድ ቢደክመው እኔ እቆማለሁ፤ እኔ ብደክም የሚቆም ሰው ከወዲሁ አዘጋጅተናል።

ለምን እንዲህ እንደከረርን ግራ ከገባዎት ልንገርዎት። በመጦሪያው ያለችው ነርስ እንደነገረችን፣ ሙርየል ዛሬም ጧት ጧት ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስዙራ ትቀመጣለች። ድልድዩን እያየች «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው፣ ዘገየ» ትላለች። ክሊፎርድ ይህን ከሰማ ወዲህ ጧት ጧት በራሱ መስኮት ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ ዓይኗ እዚያ ድረስ አያይም፣ እሱ ግን አልተወም። ይህ በምርጫ ታሪካችን ውስጥ የሚገባበት ገጽ ካለ ቢፈልጉለት፣ ከሌለ ደግሞ እኛ እንጽፈዋለን።

የሰጡንን ሁሉና የነፈጉንን ሁሉ እያስታወስኩ፣ ጉልበትዎ ለመጪው ዘመቻ እንዲጠነክር እየተመኘሁ፣ ከላቀ አክብሮትና ከዚያ ከማያንስ እልህ ጋር፣

በሰንሰለት ከታሰረው ድልድይ ወዲህ የምትኖር፣ ድምጿን ሳይጠይቋት ለረጅም ዘመን የወከሏት ነዋሪዎ፣
ሂልዳ ብራክስተን

ማሳሰቢያ፦ ክቡርነትዎም የዚሁ ቀበሌ መራጭ መሆንዎን አውቃለሁ። በምርጫው ቀን ስለ ክሊፎርድ ታፕስኮት የሚሰማዎትን ሁሉ፣ አህያም ይሁን በቅሎ፣ ምንም ሳይሸሽጉ በስሙ ትይዩ ባለው ሳጥን ውስጥ እንዲስሉለት በትሕትና እንለምንዎታለን። ከመስመር እንዳይወጡ ብቻ ይጠንቀቁ፤ የቀረውን እርስዎ ራስዎ ተከራክረው ባስፈረዱት መሠረት እኛ እናስቆጥረዋለን።