የማይይዝ ከረጢት

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሁለት የመኪና ወንበር ልብስ አስረከብኩ። ከሰዓት ማንም የለም። ወገቤን ያመኛል።

አመሻሽ ላይ ናይፍ መጣ፤ ያ ኢላማ ተኳሹ። የሸጥኩለትን ሁለት የጠመንጃ ማሳረፊያ ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ወረወራቸው።

«ያ ሸምሱ፣ ይይዛል!» አለኝ በዐረብኛ።

«ምኑ?»

መዳፉን በቆዳው ላይ ጎተተው። እየተንገጫገጨ ሄደ። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ይመታል። ከረጢቱ ላይ እንደ ልቡ ካልተንሸራተተ ከረጢቱን ይዞት ይሄዳል፤ ቀጣዩ ጥይት ሌላ ቦታ... ውድድሩ ዐርብ ሳምንት ነው።

«ማነው የሰፋው?»

«እኔ» አልኩ።

ለምን ዋሸሁ? ሰፊዋን ካወቀ እኔን ለምን ይፈልገኛል?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ከረጢቶቹን ለአልጋነሽ ወሰድኩላት። የምትሰፋው ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ከሱቁ የሚወጣው ሁሉ የእሷ እጅ ነው። ከፊላችን፣ አሠሪ ዋሳችን፣ አንድ ነው፤ የእሷን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ግን አላድስም ብሏል። ወሩ ሲያልቅ አገሯ ትሸኛለች። እዚያ የሚጠብቃት ሥራ የለም። ሁለት ልጆች ግን አሉ።

ቆዳውን አሸተተችና ፊቷን ሸፈነች።

«ጋሽ ሸምሱ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ቅባት አጠጥቼዋለሁ።»

«ቅባት?»

«አባቴ ኮርቻ ሲሠራ እንደዚያ ነበር። እንዳይሰነጠቅ።»

«ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲንሸራተት አይፈለግም እኮ!»

«እሱስ...»

ቅባቱ ላይ ደግሞ የሪያድ አቧራ ተለጥፎበታል።

ኅዳር 5፣ ዐርብ

የሕፃን ፓውደር ነሰነስንበት። ጠመንጃ የለን... የመጥረጊያ እንጨት ላይ አምስት ኪሎ ሩዝ አስረን ከረጢቱ ላይ ጎተትን። ተንሸራተተ! ደስ አለን። አሥረኛው ላይ ቅባትና ፓውደሩ ሊጥ ሆነ።

ደከመኝ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

አቧራ። ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አልጋነሽ እያነከሰች መጣች። አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን ይዞ ከወንበሩ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ወድቃለች።

«ተጎዳሽ?»

«ተወው እሱን፣ መቀስ አምጣ! ያንሸራተተኝ ይህ ዓባያ ቀሚሴ እኮ ነው። ምንም ነገር አይይዘውም።»

አሮጌ ዓባያዋን ቀደደች። ቅባት የጠጣውን ቆዳ ጥላ በአዲስ ሸራ ቀየረችው። ጠመንጃው በሚያርፍበት በኩል የዓባያውን ጨርቅ ወጥራ ሰፋችበት። ስፌቱን ወደ ጎን አወጣችው፤ እንጨቱን እንዳይነካ።

የመጥረጊያውን እንጨት ጎተትኩት። ሩዙን ይዞ ከጠረጴዛው ሊወድቅ! አርባ ጊዜ ሞከርን። ከረጢቱ ንቅንቅ አላለም።

ኅዳር 12፣ ዐርብ

ናይፍ ከውድድሩ ደወለ። ሦስተኛ ወጥቷል።

«ጠመንጃው በየተኩሱ ወደ ቦታው ይመለሳል ያ ሸምሱ! ክለቡም ከረጢት ሊያዝዝህ ነው።»

ከዚያ እየሳቀ... እህቱ ኢናስ ሱለይማኒያ ሰፈር የዓባያ ስፌት ቤት አላት። ከረጢቱን ትናንት አገላብጣ አየችው። «እንዲህ ያለ እጅ ባገኝ ከፋላውን ወደ እኔ አዙሬ አሠሪው እኔ እሆን ነበር» ብላለች።

«የምትቀጥረው ግን ሴት ብቻ ነው። ምን ላድርግህ፣ ጢም አለህ!»

አልጋነሽን አሰብኩ። ብናገር ትዕዛዙም አብሯት ይሄዳል። ዝም ብል እሷ ወሩ ሲያልቅ ትሄዳለች፣ ሌላ ሰፊ እፈልጋለሁ። ለእኔ ዝም ማለት ያዋጣል። ለእሷስ?

«ናይፍ» አልኩት። «እኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንኳ አልችልም።»

መሳቁን አቆመ። «ዋሸኸኝ?»

«አዎ። ሰፊዋ አልጋነሽ ትባላለች።»

ዘጋው። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ለእኔ አልደወለም። ኢናስ ለአልጋነሽ ደወለች።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ኸላስ፣ የከፋላው ወረቀት አለቀ። አልጋነሽ ዛሬ ወደ ኢናስ ዘንድ ሄደች። የክለቡም ትዕዛዝ እንደገመትኩት አብሯት ሄደ።

«ማሽኑን ትቼልሃለሁ ጋሽ ሸምሱ። ጣትህን ጠብቅ።»

«ቅባት አልቀባም፣ አትስጊ።»

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ መኪናው መጣ።

ከሰዓት አንድ ሰው የተቀደደ የወንበር ልብስ ይዞ ገባ።

«ማነው የሚሰፋው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩ።

ክሩን ለማስገባት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።