ሰዓት ያሰረው አበባ

ሚጢጢ፣

ወደ ሆስፒታል እየሮጥኩ ነው፤ ተረኛ ነኝ። ስልክሽን ወጥ ቤት ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ። የእማዬን አልበም ግን እንዳትነኪው፤ ወረቀቱ እንደ ብስኩት እየተፈረፈረ ነው።
ትናንት በሳህን የተነሳ ያልኩሽን ነገር...
በቃ፣ ሳህኖቹን አጥቤያቸዋለሁ።

በስልክሽ እንደገና የሠራሻቸውን የአልበሙን ገጾች አየሁ። እጅሽ ይባረክ! የደረቁት ቅጠሎች፣ የአውቶቡስ ትኬቶቹ፣ የእማዬ የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር ቁርጥ የድሮዎቹን አስመስለሻቸዋል።

የሰርጉ ገጽ ላይ ግን ምን ነካሽ? አባዬን ቆርጠሽ አውጥተሽ በቦታው የሱፍ አበባ ለጥፈሻል። እጁን ግን ረስተሽዋል፤ ከነሰዓቱ እማዬ ትከሻ ላይ ቀርቷል። አሁን እማዬ ሰዓት ያሰረ አበባ ያገባች ነው የምትመስለው።

ጥሎን ስለሄደ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም።

ጠዋት ደውዬ ለእማዬ ነገርኳት። በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ግን፣ "መልሱት" አለችኝ።

"ለሱ አዝነሽ ነው?" አልኳት።

"ለሱ ደግሞ! ለራሴ ነው እንጂ። ፎቶው ላይ እንዲያ የምስቀው እሱ ጆሮዬ ሥር ባወራኝ ቀልድ ነው። መሄዱንስ ሄዷል፤ ያን ቀን ግን ነበረ።"

ስለዚህ እሁድ እማዬ ሳትመጣ መልሺው። ከፈለግሽ ራሰ በራ አድርጊው፤ ለፀጉሩ የሚከራከርለት የለም።

እህትሽ