ቀና በይ

ለወንድሜ ለእንዳለው፣ በሱዳን ስደት ላለኸው። እንደምን ከርመሃል? ጣሊያን ከገባብን ወዲህ ደህና ነኝ ማለት አፌን ይከብደዋል እንጂ፣ እኛስ ቸሩ ይመስገን፣ አለን።

በሬው ድኗል፤ ጤፉም ዘንድሮ ደህና ነው። ልጄን ተናኜን ዓይኗን ቢያማት ቡሬ ወደ ጣሊያኑ ሐኪም ወሰድኋት። መንገዱን ሙሉ «ትልቅ ሰው ፊት አንገትሽን ድፊ፣ አታፍጥጪ» እያልሁ መከርኋት። ታውቃታለህ፣ ጨዋ ናት። ሐኪሙ ቀና በይ ቢላት ይብሱን አቀረቀረች። አገጯን ይዞ ቢያነሳት ጨፈነች። ያን ጊዜ ጮኸብን። አስተርጓሚው የዳሞት ሰው ነው፤ «ባለጌ ልጅህን ውሰድልኝ ብሎሃል» አለኝ እየሳቀ። የአገሩን ወግ እያወቀ፣ አፍራ ነው ብሎ መናገር አቃተው! ስንቱን ልጅ በሥርዓት ያሳደግሁ ቄስ፣ በባዕድ ደጅ ባለጌ አሳዳጊ ተባልሁ።

አሁን ተናኜ ከቤት ትውላለች። ውሃውን እናቷ ትቀዳለች። እሷ ጥጥ ትፈትላለች፤ ለፈትል ጣት ይበቃል።

እግዚአብሔር ለአገርህ ያብቃህ። ስትመጣ ዝም ብለህ እንዳትገባ፣ ከደጅ ሆነህ ስሟን ጥራ፤ ድምፅህን አልረሳችም።

ወንድምህ ቄስ ኃይለ ሚካኤል