ጦስኙ አላሳፈረንም

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ የወንድሜ ልጅ ሲና፣

ጦስኙ ሠራ! ሰላምታ ሳላስቀድም መጻፌ ከሥርዓት ውጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን አልቻልኩም። ለመሆኑ በደኅና ገባሽ?

ረቡዕ ዕለት የጦስኙን ውሃ ከብሩ ውሁድ፣ ከሲልቨር ናይትሬቱ ጋር ስትቀላቅዪው፣ ቡናማ በመሆን ፈንታ እንደ አሬራ ነጣብሽ። "እትዬ፣ የአገራችን ቅጠል አይሆንም፤ ሰኞ ለአማካሪዬ ተክሉን ቀየርኩ እላቸዋለሁ" ብለሽ አልቅሰሽ ሄድሽ። እኔም "ብርጭቆውን እጠቢ" ብቻ አልኩሽ። ያለ መርዘኛ ኬሚካል፣ በቅጠል ውሃ ብቻ፣ እናንተ ናኖ የምትሏቸውን በዓይን የማይታዩ የብር ቅንጣቶች ለመሥራት መነሣትሽ ምን ያህል እንዳኮራኝ ያን ጊዜ ልነግርሽ ይገባ ነበር።

ከሄድሽ በኋላ ያ ነጭ ነገር እረፍት ነሣኝ። ኬሚስትሪ ሳስተምር ያረጀሁ ሴትዮ ነኝ፤ የብር ውሁድ እንዲያ የሚነጣው ጨው ሲያገኝ ነው። ጨው ከየት መጣ? ቅጠሉን የለቀመልሽን አባትሽን ጠራሁት።

"ወዳጆ፣ ጦስኙን ያመጣህበት ጆንያ ምን ነበረበት?"

"የበጎቹ ጨው። አራግፌዋለሁ እኮ!"

"አላጠብከውም?"

"ኧረ እትዬ! ጆንያ ደግሞ ይታጠባል? በጎቹ ልሰው አጽድተውታል።"

ልቆጣው አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ።

ዛሬ ጠዋት ራሴ ወጥቼ ትኩስ ጦስኝ ለቀምኩ። የአውቶቡሱ ሾፌር አፈወርቅ ለመኪናው ባትሪ ከሚገዛው የተጣራ ውሃ ሰጠኝ፤ ቅጠሉን በእሱ አጥቤ፣ በእሱ አፍልቼ አጠለልኩት። ከዚያ ትተሽልኝ በሄድሽው ሲልቨር ናይትሬት ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ነጭ የለም! ቀስ እያለ እንደ ብርዝ ቢጫ ሆነ፤ እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ሄደና ቡናማ! እልል አልኩ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ድምፅ ያሰማን ተማሪ ሳስወጣ የኖርኩት እኔ! አባትሽ እየሮጠ ገባና "እትዬ፣ ማን ወለደ?" አለኝ።

ቡናማው ቀለም የብር ቅንጣቶቹ መፈጠራቸውን ቢጠቁምም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ በዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ይለካ፤ አንቺም ደጋግመሽ ሥሪው። በስልክ ያልነገርኩሽ ቀለም በስልክ ስለማይታይ ነው። ብልቃጡን ከትኩስ ቅጠል ጋር ነገ በአፈወርቅ እልክልሻለሁ፤ መናኸሪያ ወጥተሽ ተቀበዪው።

ሰኞ ለአማካሪሽ "ተክሉን ቀየርኩ" እንዳትዪ። "ጆንያውን ቀየርኩ" በያቸው።

አክስትሽ ጥሩሸዋ