ደበሌ ያሰጠማት ልጅ

ቡታጅራ፣ መስከረም 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለአቶ ደበሌ፣ ወልቂጤ።

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ንዴት ሰው አይገድልም መሰለኝ፣ ይኸው እስካሁን በሕይወት አለሁ። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አለቀ። ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ቻለው።

የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። «ለአቶ ኃይሌ ልጅ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ለመስቀል ከሽማግሌዎች ጋር እመጣለሁ፤ የሺመቤትን አዘጋጂ» ትላለህ። አዘጋጂ! ልጃችን የመስቀል ሰንጋ ናት እንዴ? አንድ ቃል ጠይቀኸኛል? እሷንስ ጠይቀሃታል? ወረቀቱን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ነበር፤ ቅቤ ነጋዴዋ ከድጄ ናት ከእጄ የነጠቀችኝ።

ደግ። አንተ ወሬህን ነግረኸኛል፤ እኔም የምነግርህ አለኝ። ቤሲ አልሞተችም።

ሰምተሃል አቶ ደበሌ? አልሞተችም! ባሕሩን ዋኝታ ተሻግራለች፣ ሰው ጠርታ ወንድሞቿን ከዋሻ አስወጥታለች፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ሾርባ ጠጥታለች። መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ያሰጠምካት አንተ ነህ።

አሁን «ምን ያለ ሴት ናት፣ ለተረት ትጣላኛለች» ትል ይሆናል። እንዳትል! የተረቱን ነገር ያስጀመርከን አንተ ነህ። ያ የሰላም ጓድ አስተማሪ አገሩ ሲገባ የመጻሕፍት ሣጥኑን ለአንተ ትቶልህ ሄደ። አንተም እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ እኔ ሱቅ አቡጀዲው ላይ ቁጭ ብለህ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስክ ታነብልን ጀመር። ለፈረንጅ ልጆች የተጻፈ መሆኑን አልደበቅከንም። ማን ግድ ሰጠው! ሸረፋ ከቆሼ ከተማ ያመጣውን በርበሬ ግማሽ ሸጦ ግማሹን ዘግቶ ይመጣል። ሰማን የስፌት መኪናውን አልብሶ ይመጣል። ከድጄ የቅቤ ቅሏን ጥግ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሰብሰብ አድርጋ፣ «እንዳይቀድመኝ፣ ጀመረ እንዴ?» ትላለች። ጢም ያወጣ ወንድና የልጅ ልጅ ያየች ሴት፣ አንዲት የፈረንጅ ቀምበጥ ገደል ላይ ስትንጠለጠል ሰምተን ምራቃችንን መዋጥ ያቅተን ነበር። የሰፈሩ ሰው «የዘርፌ ሱቅ ሕፃናት» ብሎ ሲስቅብን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶን አያውቅም።

ደግሞ እንዴት ታነብ ነበር! ይህን ልክድህ አልችልም። ቤሲና ወንድሞቿ ከአጎታቸው ጋር የሚኖሩበትን ያን የባሕር ዳር ግንብ፣ መርከብ ድንጋይ ላይ እንዳይላተም መብራት የሚበራበትን፣ እኛ ባሕር አይተን የማናውቀው ሰዎች እናየው ነበር። ዝዋይን ያየ ሸረፋ ብቻ ነው፤ «ያው ዝዋይ ነው፣ ማዶው የማይታይ ዝዋይ ነው» እያለ ይኮራብን ነበር። መርከብ እየሰበሩ የሚዘርፉት ወንበዴዎች ወንድሞቿን ዋሻ ውስጥ አስረው፣ የባሕሩ ውሃ እየሞላ ሲመጣባቸው፣ ቤሲ ብቻዋን ዋኝታ ከማዶ ሰው ልትጠራ ስትነሣ፣ አንተ መጽሐፉን አጥፈህ «ለሳምንት» አልከን። ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍን እኛ ነን የምናውቀው። ሰማን ያንዱን ሰውዬ ሱሪ አሳጥሮ ሰፍቶ ተሰድቧል።

የሺስ? እሷ ከቤሲ ጋር ነበር የምትኖረው። እምድብር ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈተናውን አልፋ፣ ቦታ አግኝታ፣ «እንደ ቤሲ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ ነርስ ሆኜ እመለሳለሁ» ትል ነበር። አንተ ደግሞ «ካቶሊክ ያደርጓታል» አልክ አንድ ጊዜ፤ የእኛው ቄስ ራሳቸው «ትማር» ሲሉህ እሱንም ተውከው። እኔ ሞኟ የተስማማህ መሰለኝ።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። «አጎቷ አትሂጂ ብሏት ነበር፤ የትልቅ ሰው ቃል አልሰማ አለች፤ ማዕበሉ አንዴ አነሣት፣ ሁለተኛ አልታየችም» ብለህ አነበብክልን። መነጽርህን አውልቀህ ዓይንህን ጠረግህ። ከድጄ «ኢና ሊላሂ!» ብላ ደረቷን መታች። ሸረፋ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በሳምንቱ ከድጄ ንፍሮ ቀቅላ መጣች፤ «ያለቀስንላትን ልጅ ዝም ብለን አንተዋትም» ብላ። ሰማን ያን ቀን መርፌና ክር እንኳ አልነካም። ለመጽሐፍ ልጅ ንፍሮ የበላ ሰው ከቡታጅራ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አንተም በላህ! እጅህን ዘርግተህ ከሳህኑ ዘገንክ። እንዴት ወረደልህ?

የሺ ግን አልበላችም። ማታውን «እማዬ፣ ወደ እምድብር ብዬ የዋቤን ወንዝ አልሻገርም፤ ይቅርብኝ» አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች። አንተን ብጮህብህ «እንቢ ያለችው ራሷ፤ እኔ ምን አደረግኩ?» አልከኝ። ልክ እኮ ነህ! አንተ ምን አደረግህ? መጽሐፍ ነው ያነበብከው። ከዚያ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ ብለህ፣ ሣጥኑን ቆልፈህ፣ ቁልፉን ኪስህ ከተህ ሄድክ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ክረምቱ ገባ፤ እሑድ ሲመጣ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ሱቄ ይመጡና እርስ በርስ እየተያዩ ይቀመጣሉ። ያው ወሬያቸው ቤሲ ናት። ሰማን «ጫማዋን አውልቃ ነበር ወይስ ከነጫማዋ ነው የገባችው?» ይላል። ሸረፋ «አውልቃለች፤ ሰምቻለሁ» ይላል። ከድጄ «አላወለቀችም፤ ያሰጠማት ጫማዋ ነው» ትላለች። በጫማ ነገር ሊደባደቡ ሲደርሱ «በቃ ከመጀመሪያው ይነበብልን» ተባለ። አዲሱ መምህር አለሙ እንግሊዝኛ ያውቃል። የሣጥኑን ጓጉንቸር በመዶሻ ሰበርኩት። አዎ፣ ሰበርኩት! ሂድና ክሰሰኝ።

አለሙ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያነብ ግን ወንበዴውም፣ ሕፃኑም፣ ባሕሩም አንድ ድምፅ ነው ያላቸው። ያም ሆኖ የተጻፈውን ነው የሚያነበው። ያ ቦታ ሲደርስ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ልቅሷችንን ልንቀጥል ተዘጋጀን። እሱ «ቤሲ አሸዋው ላይ በእንብርክኳ ወጣች» አለ።

«ቆይ፣ ቆይ መምህር!» አለ ሸረፋ ብድግ ብሎ። «የሞተች ልጅ እንዴት ትወጣለች?»

«ማን ሞተች?»

«ቤሲ ናታ!»

«እዚህ አልሞተችም።»

«እንዴት አልሞተችም? ንፍሮዋን በልተን!»

አለሙ የምንቀልድበት መስሎት ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። እንደገና አነበበ። የሺ ከኋላ መጥታ መጽሐፉን ከእጁ ወሰደችና በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው። አጎቷ «አትሂጂ» ያለበትን ፈለገች፤ የለም። አጎትየው «ሂጂ፣ ካንቺ በቀር የሚችል የለም» ነው ያላት! ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። መጽሐፉን አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ! ሰማን «እኔ ግን የደበሌ ይበልጥብኛል» አይል መሰለህ? «እንዲህ አልቅሼ አላውቅም። ሾርባ ጠጥታ ተኛች ምን ጨዋታ ነው?» አለ። ከድጄ «ወላሂ ሰማን፣ ያንተ ልጅ ውሃ ውስጥ ብትሰጥም ይጥምህ እንደሆነ ንገረኝ! ሰው ገድሎ ጨዋታ ማሳመር አለ?» ብላ ጮኸችበት። ሸረፋ ደግሞ «ደበሌ የራሱን ይጻፍና የፈለገውን ይግደል፣ ማን ከለከለው? የሰው በግ አርዶ መደገስ ግን ሌብነት ነው» አለ። አለሙ በመካከላቸው ገብቶ ሊገላግል ሲል በክርን ተመታ። እስከ አሁን አልተስማሙም፤ ሰማን ዛሬም ያንተ ወገን ነው።

እኔ አልተከራከርኩም። ለምን እንደገደልካት ከሁሉም ቀድሞ ገብቶኝ ነበር።

አንተ ፈሪ! አባት ነህ፤ «አልወደድኩትም፣ አትሂጂ» ብትላት መብትህ ነበር። እኔ እጣላህ ነበር፣ እሷ ታለቅስ ነበር፣ ሽማግሌ ይገባ ነበር፤ የወግ ነው። አንተ ግን የምትወደውን ነገር ይዘህ አስፈራራሃት። በዱላ ብትመታት ይሻል ነበር፤ የዱላ ሰንበር ይታያል፣ ሰው «ተው» ይላል። ልጄን በገዛ ደስታዋ ገብተህ ጎዳህብኝ። ለዚህ መቼም ይቅር አልልህም። አሁን የምለው ይህን ነው፤ ወደፊት የምለውን አላውቅም።

ደግሞ የሚያናድደኝ እንባህ ነው። የውሸት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ አንተም ከአንጀትህ ነበር ያለቀስከው፤ አጠገብህ ስለነበርኩ አውቃለሁ። ለቤሲ እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል። ልጅህ እንዳትርቅብህ ነው? ታዲያ የአቶ ኃይሌ ልጅ መርካቶ ወስዶ ሱቅ ኋላ ሊያስቀምጣት አይደለም እንዴ? እዚያስ ስትሄድ አትርቅም? ወይስ የሰው ሚስት ሆና ብትርቅ ግድ የለህም፣ ከአንተ የበለጠ አውቃ መመለሷን ነው የፈራኸው? ቁጭ ብለህ አስብበት።

ሌላው ወሬ ያው ነው። የጓሮው እንሰት ደህና ይዟል። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል፤ ሰማን ወጥቶ ጠግኖልኛል፣ ወገንህ አይደል። የሆድህን ነገር አደራ፤ ብቻህን ስትሆን በርበሬ ታበዛለህ። ካፖርትህን ልኬልሃለሁ፣ አዝራሩ ተተክሏል። ለመስቀል ና። ሽማግሌዎችህን እዚያው ተዋቸው፣ ብቻህን ና። ክትፎህ አይቀርብህም፤ ተኮራርፈን እንበላለን። ሸረፋ ሣጥኑ ውስጥ ገና ያልተነካ መጽሐፍ አይቷል፤ አለሙ እንዳይጀምረው ከልክለነዋል። ለምን እንደከለከልን አትጠይቀኝ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርህ። ያን እሑድ የሺ ስትመለስ «ልብሴን አጣጥፊልኝ» አለችኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ «ግን አባዬ ሳይመርቀኝ ዋቤን አልሻገርም» አለች። «ለዋሸሽ ሰው ምርቃት?» ብዬ ጮህኩባት። «ዋሽቶኛል። ግን አባቴ ነው» አለችኝ። እኔ መርቄአታለሁ፣ ከድጄም መርቃታለች፤ የእኛ አልበቃትም። ልጅ ያለ አባቱ ምርቃት ከቤት ወጥቶ አያምርበትም ይባል የለ? እሷም አጥብቃ ይዛዋለች፤ ግትርነቷ በማን እንደወጣ ታውቃለህ።

ስለዚህ አሁን ከወረቀቱ ቀና በል። ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሰጠችህ እሷ፣ አንብበህ እስክትጨርስ ፊትህ ቆማ ትጠብቃለች። ያለውን ሁሉ ታውቃለች፤ እየጻፍኩ አንብቤላታለሁ። ሸረፋ በርበሬውን ሊሸጥ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ፣ ዋቤን ሳያሻግራት ይዟት መጥቷል፤ ደጅ ቆሟል፣ አንድ ኩንታል የሚያነሣ ትከሻውን ታውቀዋለህ። የእምድብሩ አውቶቡስ ሾፌሩ ምሳውን በልቶ እስኪነሣ ይቆማል።

እጅህን ራሷ ላይ ጫንና መርቃት፣ ወስደህ አሳፍራት። እምቢ ካልክም እምቢ በል፤ ግን ዓይኗን እያየህ፣ በገዛ አፍህ፣ ያለ መጽሐፍ «አትሂጂ» በላት።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ፤ ለእኔም ትዕግሥቱን።

ባለቤትህ
ዘርፈሽዋል