የሸጋው አባት

ኅዳር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዛሬ ፈረሴ ሸጋው ወደ ጎን ሄደ። ቀኝ እግሬን ጎኑ ላይ ጠጋ ሳደርግበት አንዱን እግር በሌላው ላይ እያሻገረ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ከደስታዬ አንገቱ ላይ ተደፋሁ።

“እትዬ ሮማነወርቅ፣ ማቀፉ ከወረዱ በኋላ ይደርሳል” አለኝ ሃምሳ አለቃ ገብረየስ። በሳምንት አንዴ ከአዲስ አበባ፣ ከፈረስ ትምህርት ቤቱ እየመጣ ያስተምረናል። የትምህርቱ ስም ድሬሳዥ ነው። ፈረሱ አለንጋ ሳይነካው፣ በእግር ንክኪና በልጓም ብቻ እየታዘዘ የሚረማመድበት... ለኔ እስክስታ ነው።

ጎረቤታችን ኦቦ ነገሳ እንደ ወትሯቸው አጥሩን ተደግፈው ነበር።

“ሮማን፣ ፈረስሽ ጠላ ቀምሷል እንዴ?”

“አልቀመሰም፤ ተምሯል።”

“ተምሮ ነው መንገዱ የጠፋው?”

የሱሉልታ ሰው እንደሆነ ስቆብኝ አይጠግብም። ትልቅ ሴት፣ ሱሪ ለብሳ፣ በሜዳው ላይ ፈረስ ወደ ጎን ታስኬዳለች... ይሳቁ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ኅዳር 13

ከኮርቻው ሳልወርድ ነገረኝ፣ ገብረየስ። ሸጋው አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ቤቱ ይወስደዋል።

አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ። ባዝራችንን ትምህርት ቤቱ ከውጭ ባስመጣው ጥቁር ድንጉላ ስናስጠቃ ባለቤቴ ዳኜ ፈርሟል። የሚወለደው የእነሱ ነው፤ እስኪደርስ ማሳደጉ የእኛ። ያኔ ክብር ነበር የመሰለን። ሰው አራት ዓመት ሩቅ ይመስለዋል።

እሺ ብዬ ወረድኩ። የሸጋው አንገት ላይ ተደገፍኩ። ገብረየስ የደከመኝ መሰለው።

ኅዳር 14

ለዳኜ ቁርስ ላይ ነገሩን አነሳሁለት። ቀስ ብዬ።

“የሚወስዱት አባቱ የእነሱ ድንጉላ ከሆነ አይደል?”

“ታዲያ የማን ሊሆን ነው?”

“ኦቦ ነገሳ የሚሉትን ረሳኸው?”

ሳቀ። ዳኜ ያን ቀን ባዝራይቱን አስጠቅቶ ከከተማ ሲመለስ ጥምቀት ነበር። ሜዳው ላይ ጉግስ ይጫወታሉ። እሱ ደግሞ ጉግስ አይቶ አያልፍም... ከሰው ፈረሶች መካከል አስሯት ሊያይ ሄደ። የኦቦ ነገሳ ጥቁር ድንጉላ፣ ጉራቻ፣ ገመዱን በጠሰ። ሰዉ እየሮጠ ሲደርስ ነገሩ አልቋል። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ነገሳ ሸጋውን ባዩ ቁጥር “ልጄ እንዴት አደረ?” ይላሉ።

እስከ ትናንት ይህን ቀልድ አልወደውም ነበር። የውጭው ድንጉላ ልጅ እንዲሆንልኝ ነበር የምፈልገው። ለካስ ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ይገለበጣል?

ታኅሣሥ 2

የትምህርት ቤቱ የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር አትክልት፣ ከገብረየስ ጋር መጣ። የጥምቀቱን ነገር ነገርኩት። ዳኜ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ዶክተሩ አልተቆጣም። የፈረስ ደም ውጭ አገር ተልኮ ይመረመራል አለኝ። ውርንጭላ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ያልወረሰው ነገር ደሙ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ የእናትየው፣ የሸጋው፣ የሁለቱም ድንጉላዎች ደም ባንድ ላይ መሄድ አለበት።

“የሁለቱም?”

“የአንዱ ብቻ ከሆነ ትምህርት ቤቱ አይቀበለውም። ውሉ እንዳለ ይጸናል።”

ስለዚህ የጉራቻ ደም ያስፈልገኛል።

ታኅሣሥ 4

የጉራቻን ደም ብጠይቃቸው “ላኪ” አሉ ኦቦ ነገሳ በኦሮምኛ። አይሆንም ማለታቸው ነው። እየሳቁ እንኳ አይደለም።

“ሰው ማን ብሎ ነው የሚጠራኝ?”

“አባ ጉራቻ።”

“ስሜ እሱ ነው። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ዳኛ ፊት በፈረሴ ስም ነው የምጠራው። ፈረሴን አስራችሁ በመርፌ ስትቀዱት ነገ ማን ልባል ነው?”

“አንቱ ደግሞ፣ ትንሽ ጠብታ እኮ ናት።”

“በጉግስ ቆስሎ ብዙ ደም ፈሶታል። ያ ሌላ ነው። ቆሞ አልተቀዳም።”

እኔ ያፌዙብኛል ብዬ ስሄድ... እውነታቸውን ነው።

ታኅሣሥ 9

የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ጋጡ እሮጣለሁ። የሚመጡት ከፋሲካ በኋላ መሆኑን እያወቅሁ። ዛሬ የመጣው የእህል መኪና ነበር። ሹፌሩ “እናቴ፣ ምን ሆነሻል?” ብሎኝ አለፈ።

ታኅሣሥ 16

ሸጋው ሶምሶማ እየሄደ ባንዴ መቆም ተማረ። አራቱንም እግሮቹን አስተካክሎ። ድሮ ቢሆን ለመንደሩ ሁሉ አወራው ነበር። ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። በተማረ ቁጥር ይበልጥ የሚፈልጉት አይመስልም? እኔው ነኝ የማሳምረው። ለእነሱ።

ታኅሣሥ 21

ጠዋት በር ተንኳኳ። ኦቦ ነገሳ። ጉራቻን ይዘውታል፤ ኮርቻው ላይ ቀይ ጨርቅ ጥለውበት፣ እንደ በዓል ቀን።

“አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ፣ ሮማን? ሐኪምሽን ጥሪ።”

ምን ተገኘ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

“ጠዋት ጠዋት ለዚያ ፈረስ ስትለፈልፊ በአጥሩ እሰማሻለሁ። የባልሽን ሐሜት፣ የወጥሽን ማረር፣ ሁሉን ለእሱ ነው የምታወሪው። ይኸው ሰነበተ ዝም ብለሻል። እንቅልፍ ነሳሽኝ። ያለ ወሬሽ አይነጋልኝም።”

ዳኜ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን አለቀስኩ።

ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ኦቦ ነገሳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድንጋይ ላይ ቁጭ። “መጀመሪያ እኔን።”

“የእርስዎ ደም አያስፈልግም፣ አባቴ።”

“ለአንተ አያስፈልግም። እሱ ሲወጋ እኔ ቆሜ ካየሁ ስሙን እንዴት እይዘዋለሁ?”

ዶክተሩ እኔን አየኝ። ሌላ መርፌ አወጣ። ወጋቸው፤ ትንሽ ቀዳ። ጉራቻ ቀጥሎ ሲወጋ ጆሮውንም አልነቀነቀም። ኦቦ ነገሳ ግን ሲወጉ ፊታቸውን አዙረው ነበር። አላየሁም ብያለሁ።

ጥር 14

ጥምቀት አለፈ። ጉግስ አልሄድኩም። ደሙ በአውሮፕላን ሄዷል።

ዛሬ አንድ ነገር መጣብኝና ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ያ የውጭው ድንጉላ ቢሆንስ አባቱ? እስካሁን ጥርጣሬ ነበረኝ፤ በጥርጣሬ መሟገት ይቻላል። አሁን ማስረጃውን በገዛ እጄ ላክሁላቸው። ምን ነካኝ?

የካቲት 8

ምንም የለም።

መጋቢት 17

ዶክተር አትክልት መጣ። ብቻውን። ከመኪናው ሲወርድ ፊቱን ለማንበብ ሞከርኩ፤ የሐኪም ፊት ደግሞ አይነበብም። የሸጋውን ልጓም ይዤ ነበር። ልጓሙን ጨበጥኩት እንጂ አልለቀቅኩትም።

“የእኛ ድንጉላ አይደለም አባቱ” አለ። በሸጋው ደም ውስጥ ከእናቱም፣ ከእነሱም ድንጉላ ያልመጣ ነገር ተገኝቷል። ጉራቻ ጋ አለ።

“እርግጠኛ ነህ?”

“የመረመሩት እርግጠኞች ናቸው። ውሉ ፈርሷል።”

ዳኜ “ጉግስ ማየቴ ጠቀመ” አለ። ሰውየው መሸለም ያለበት መስሎታል። ኦቦ ነገሳ ሲነገራቸው “ኤዬ” ብቻ አሉ። አዎ። ከዚያ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ሸጋውን ሲያዩት ዋሉ። ዛሬ አልቀለዱም።

መጋቢት 24

ገብረየስ ኮርቻውንና ልጓሙን ሊወስድ መጣ። የትምህርት ቤቱ ናቸውና። ማስተማሩም ቀረ፤ ለራሳቸው ፈረሶች ብቻ ነው የሚያስተምሩት። ይህን አላሰብኩትም ነበር... ያሰብኩት ሸጋውን እንዲተዉልኝ ብቻ ነው።

“የመጨረሻው ነገር ምን ነበር የቀረን?” አልኩት።

“ብዙ።” ኮርቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ። “ግን እሱ አይደለም ቸኩሎ የሚያበላሸው። አንቺ ነሽ። አትቸኩይ።”

እስከዛሬ “አንቺ” ብሎኝ አያውቅም።

ሚያዝያ 12

የአገር ኮርቻ ጫንኩበት። እርካቡ ጠባብ ነው፤ አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ሸጋው ጀርባው ላይ ያለው ሌላ ነገር መሆኑ ገባው፤ ቆዳው ተንቀጠቀጠ። እግሬን ጠጋ አደረግሁ... አልገባውም። ደገምኩ። በረገገ።

ወደቅሁ። የበልግ ጭቃ ስለሆነ ብዙም አላመመኝ። በቃ፣ ሄደልኝ፣ ወደ ሰሜን በረረ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሜዳው አጥር የለው፣ እሱን የያዘው የለ።

ስገልጥ ከጎኔ ቆሟል። አራቱንም እግሮቹን አስተካክሎ።