ዘግይቶ የተሰጠ ምስክርነት፦ የኮረንቲ መሐንዲሷ እኅታችን የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው መሐንዲስ እኅታችን፣ ከውኃ ፓምፕ ጠባቂ አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ያገለግሉ ከነበሩት እናታቸው፣ ጥቅምት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ከፓምፕ ጣቢያው አጥር ጋር በተያያዘች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያው ልጅ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው፣ ዕድሜውን ሰዋስው በማስተማር የፈጸመው ታላቅ ወንድማቸው ነው። በታሪካቸው ውስጥ ያልተገባ ቦታ ስላለው ማንነቱ ከወዲሁ ይታወቅ።

በ1964 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ማቋረጥ ተማሩ። ከዚያ በፊት ግን ትምህርታቸውን የጀመሩት ከአባታቸው ፓምፕ ነበር። ቁርሳቸውን ይዘው ከአጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ድምፁ ሲለወጥ ከአባታቸው ቀድመው ይሰማሉ። አባታቸውም «ይቺ ልጅ እንጀራዬን ልትነጥቀኝ ነው» እያሉ ለጎረቤት ያማርሩ ነበር። ምሬቱ ኩራት መሆኑ ለማንም አይሰወርም ነበር።

በ1981 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቀው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1985 ዓ.ም. በመጽሐፍ ጠራዥነት ከሚተዳደሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የተቀበሉት የቀጥተኛ ኮረንቲ አነስተኛ መረቦች ሳይናወጡ እንዴት እንደሚሠሩ በመረመረ ጥናት ነው። በሥራ ቦታ ማሽን በተከፈተ ቁጥር «ቀስ በሉ፤ አንድ በአንድ» ስለሚሉ ሠራተኞቹ «እማማ ቀስ በሉ» ብለው ሰየሟቸው። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር «እሳቸው ከተሳፈሩ መኪናው ራሱ ፈርቶ ይሄዳል» ይል ነበር። እሳቸውም ሰምተው ከሁሉ አብልጠው ይሥቁ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ዋናው የመብራት መስመር ለማይደርስበት ከወንዝ ማዶ ላለ ሰፈር፣ መቶ አርባ ቤቶችን፣ አንድ ጤና ጣቢያን፣ አንድ ወፍጮንና የልብስ ስፌት ማኅበርን የሚያገለግል መረብ ሠሩ። መረቡ ሦስት የባትሪ ክፍሎች ነበሩት፤ አንዱ በጤና ጣቢያው፣ አንዱ በስፌት ማኅበሩ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ጓሮ። ክፍሎቹ ከፀሐይ ያገኙትን ኃይል እየተጋገዙ ያከፋፍላሉ፤ የሚነጋገሩበት ሌላ ሽቦ ግን አልነበራቸውም። እኅታችን ያሰናዱላቸው ሥርዓት ይህ ነው፦ ሸክም የበዛበት ክፍል ቮልቴጁን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ ሌሎቹም ያን ዝቅታ አይተው ከሸክሙ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። መረቡ በዚህ ሥርዓት አራት ዓመት አንድ ቀን ሳያጓድል ሠራ።

በ2005 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው የዚያው ትምህርት ቤት መምህርና የመረቡ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበረ። በትምህርት ቤቱ የባትሪ ክፍል በር ላይ ያለው የቮልቴጅ መለኪያ 380 ቮልት ማሳየት ሲገባው 371 ማሳየቱ ዕረፍት ነሣው። የእኅቱን ደብተር በቀይ ቀለም ማረም የጀመረው ገና በልጅነቱ ነውና፣ በሰው ፊት ጠየቃቸው።

«380 ብለሽ ፈርመሽ 371 ማሳየት ምን ይባላል?»

«መደማመጥ ይባላል፣ ጋሼ» አሉት። «ሦስቱም ‹እኔ ብቻ ልክ ነኝ› ካሉ እኮ ይጣላሉ።»

«ቁጥር አይደማመጥም። ወይ ልክ ነው፣ ወይ ስሕተት ነው።»

እኅታችን «እንግዲህ ጋሼ፣ ባትሪዎቹን አንተ ክፍል አስገባልኝና ገሥጻቸው» ብለው በቀልድ አለፉት። ሌላው ሁሉ ሣቀ፤ እሱ አልሣቀም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ወር እኅታችን ለዐሥር ቀን ሥራ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄዱ፣ አደጋ ቢደርስ መረቡን እንዲያጠፋበት በየባትሪ ክፍሉ ያሉትን የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች የምሥጢር ቁጥር ለወንድማቸው ሰጡት። አደጋ አልደረሰም። እሱ ግን ሦስቱንም ክፍሎች በእግሩ ዞሮ፣ ቮልቴጁ ምን ያህል ዝቅ እንዲል የሚወስነውን ቁጥር በየመሣሪያው ላይ ዜሮ አደረገው። መለኪያዎቹ 380 አሳዩ። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ እያየ ደስ ይለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የስፌት መኪናዎቹ፣ ወፍጮውና የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣዎች በአንድነት ሲሠሩ መረቡ ወደቀ። የሦስቱ መሣሪያዎች ልኬት በፀጉር ያህል ይለያይ ነበርና፣ እያንዳንዱ የራሱን 380 ብቻ ሲያምን ሸክሙ ሁሉ በአንዱ ላይ ወደቀ። የተሸከመው የትምህርት ቤቱ መሣሪያ ተቃጠለ። የቀሩት ድንገት በወረደባቸው ሸክም ቮልቴጃቸው ሲወርድ፣ ማቀዝቀዣዎቹ በዝቅታው ልክ ይበልጥ ኮረንቲ ሳቡ፤ ሁለቱም ተከታትለው ጠፉ። የጤና ጣቢያው የክትባት መድኃኒት በሙሉ ተበላሸ። በማግሥቱ ሕፃናት አዝለው ከሩቅ የመጡ እናቶች ከበር ተመለሱ።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። የስፌት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተነሥተው «ልጄ፣ ፀሐይ በጠራራው እየመታን ጨለማ ያመጣሽብን አንቺ ብቻ ነሽ!» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ «ዲግሪዋን ትመልስ!» ያለም ነበር። እኅታችን ከመሣሪያው ማኅደር ያተሙትን አንድ ገጽ ይዘው ነበር። በገጹ ላይ ቁጥሩ የተለወጠበት ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ በዚያ ሰዓት እሳቸው የት እንደ ነበሩ ሁሉም ያውቃል፤ የምሥጢር ቁጥሩ ያለው ሌላው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰብሳቢውን ጥቂት አዩት። እሱ እስክሪብቶውን አየ። እሳቸውም ገጹን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢውም «በመሐንዲሷ ቸልተኝነት» የሚለውን ቃለ ጉባኤ አንድ ነጥብ ሳይስት፣ ባማረ የእጅ ጽሕፈት ጻፈው፤ ፈረመውም።

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤታቸው ከሥራ አሰናበታቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት በአውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ባትሪና ቻርጀር ሲጠግኑ ኖሩ። ቦታቸውን የተኩት መሐንዲስ የእሳቸውን ሥርዓት ቁጥር ሳይለውጡ መለሱት፤ መረቡ ዛሬም በእሱ ይሠራል። ይህን ግን በስብሰባ የተናገረላቸው የለም። ልጆቻቸው በሰፈሩ ሲያልፉ «የጨለማዋ ልጆች» ተባሉ። ታላቂቱ ልጃቸው የጀመረችውን የኤሌክትሪክ ትምህርት በኀፍረት ተወች። አጎቷ ይህን እያየ፣ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ስለ እውነት ያስተምር ነበር።

በጥር ወር መጀመሪያ ላይ በጉበት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ወንድማቸው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ፣ መናገር የሚገባውን በብዙ ማሟሻ ጀመረ። ሳይጨርስ አቋረጡት።

«ጋሼ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዐውቀዋለሁ። ለእኔ አይደለም የምትነግረው።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለልጆቼ። ለእነዚያ ሰዎች። እኔ እያለሁ ይሁን እንጂ፤ መስማት እፈልጋለሁ።»

እሺ አላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አርባ ሦስት ቀን ኖሩ። ሰውም በየቀኑ ሊጠይቃቸው ይመጣ ነበር፤ የስፌት ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንኳ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ወንድማቸው ወንበር እያቀረበ፣ ጎብኚዎችን እስከ በር እየሸኘ፣ አርባ ሦስቱንም ቀን ዝም አለ። የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ትናንት ይህን ጽሑፍ ለባለቤታቸው ሲያነብላቸው «ልትሰሚ ስትፈልጊ አልተነገረሽም» አሉ፤ የተናገሩት ለእሱ አልነበረም። ከዚያም «አንብበው» አሉት።

እኅታችን ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ወንድማቸውም በሕይወት አለ፤ ከጎናቸው ቆሞ እንደ ነበረ ግን አይቈጠር። በዚያ አዳራሽ ያጨበጨባችሁ ወገኖች፣ የተታለላችሁት በሰብሳቢያችሁ ነውና በደሉን ከእሱ ፈልጉ። ለልጆቻቸው ግን ዛሬ፣ ከመቃብሩ ሳትመለሱ፣ እናታቸው ምን እንደ ነበሩ በስማቸው ጠርታችሁ ንገሯቸው።

ነገር ሁሉ ሳይነገረው የሚያውቅ አምላክ፣ እኛ የነፈግናቸውን ፍርድ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውንም ክስ በማይደርስበት ያሳርፍ።